ለዓመታት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት ስንፈተ ወሲብ ሲያጋጥማቸው፦ ኪኒን ከመግዛት በፊት ምን ይደረጋል?

በጅማ ከተማ መድኃኒት ቤት ውስጥ ስለምሠራ አንድ ጥያቄ ሳልጠየቅ የማልፍበት ሳምንት የለም። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ትዳር ከመሠረተ ረጅም ዓመት የሆነው፣ ልጆቹን ያሳደገ ሰው ነው። ሌሎች ደንበኞች እስኪወጡ ድረስ ጥግ ይዞ ይቆያል፤ ከዚያም ባንኮኒው ላይ ደገፍ ብሎ «ያ የወንዶቹ ኪኒን አለ?» ይላል። ስለ ግፊቱ፣ ስለ ስኳሩና ስለሚወስዳቸው ሌሎች መድኃኒቶች ስጠይቀው ግን መልሱን አሳጥሮ ለመውጣት ይቸኩላል። ሰው በቆመበት በሁለት ደቂቃ ሊነገር የማይችለውን በቅደም ተከተል የጻፍኩት በዚህ ምክንያት ነው።

መመሪያው በግንኙነት ጊዜ ብልቱ ለመቆም ወይም ቆሞ ለመቆየት ለተቸገረ ባለትዳርና ለባለቤቱ የተዘጋጀ ነው፤ ቢቻል ሁለታችሁም አንብቡት። ኪኒኑ የተቀመጠው በስምንተኛው ደረጃ ላይ ነው። ከእሱ በፊት ያሉት ደረጃዎች ከተዘለሉ መድኃኒቱ ወይ አይሠራም፣ ወይ ለጊዜው ሠርቶ ከሥር ያለውን የስኳር ወይም የደም ሥር ሕመም ይሸፍነዋል፣ ወይም ደግሞ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል።

ደረጃዎቹን ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና የሚሄዱባቸው ምልክቶች

• በግንኙነት ጊዜ ወይም ሲራመዱ ደረትን የሚጨምቅ ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ካለ።
• ብልት ከ4 ሰዓት በላይ ቆሞ አልወርድ ካለ። ደሙ በውስጡ ታግዶ ኦክስጅን ስለሚያጣ ሥጋው እስከ መጨረሻው ሊጎዳ ይችላል።
• በግንኙነት መሃል «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ ብልት ወዲያው ወርዶ ካበጠና ከጠቆረ። ይህ የውስጠኛው ሽፋን መቀደድ ሊሆን ይችላል፤ በአስቸኳይ በቀዶ ጥገና ይታከማል።
• በእግሮች መካከል ያለው ገላ ከደነዘዘና ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ።
• ከብልት የሚወጣ ፈሳሽ ወይም ቁስል ካለ። ይህ የተለየ ሕክምና የሚፈልግ ሲሆን ሁለታችሁም መታየት ይኖርባችኋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• አንድ ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ።
• በቤት ውስጥ ያሉ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች በሙሉ፣ ከነማሸጊያቸው በአንድ ፌስታል ውስጥ። የባህል መድኃኒትና በማር ተለውሶ የሚወሰድ ነገር ካለም አብሮ ይግባ።
• የወገብ ዙሪያ ለመለካት የልብስ ሰፊ ሜትር።
• የጤና መድን መታወቂያ ካለ እሱን፣ ከሌለ ለደም ምርመራ የሚሆን ገንዘብ።
• በውኃ የተሠራ ማለስለሻ ቅባት፣ በተለይ ባለቤትዎ የወር አበባ ያረጠች ከሆነ። ኮንዶም የምትጠቀሙ ከሆነ ቫዝሊን፣ የምግብ ዘይትና የፀጉር ቅባት አይጠቀሙ፤ ቅባትነት ያለው ነገር ኮንዶምን ያሳሳዋል፣ ይቀድደዋልም።
• ከውስጥ የሚቆለፍ በር። ይህን ከዝርዝሩ የማስገባው ሆን ብዬ ነው፤ ልጆች በማንኛውም ሰዓት በሚገቡበት ክፍል ውስጥ የሰባተኛው ደረጃ ልምምድ አይሳካም።
• ጊዜ፦ ለአጠቃላይ ሥራው ወደ 3 ወር ገደማ።

ደረጃ 1፦ ችግሩ መኖሩንና ዓይነቱን ለ2 ሳምንት በደብተር ይከታተሉ

አንድ ወይም ሁለት ጊዜ አለመቆም ሕመም አይደለም። ድካም፣ ሐዘን፣ ጠብ ወይም መጠጥ ማንንም ወንድ ለአንድ ሌሊት ሊያደክም ይችላል። ችግሩ ስንፈተ ወሲብ ተብሎ የሚታከመው ለ3 ወርና ከዚያ በላይ ሲደጋገም ነው። ከ40 ዓመት በኋላ ደግሞ ብልት በሐሳብ ብቻ ሳይሆን በእጅ ንክኪ መነሳት መፈለጉ፣ ከአንድ ግንኙነት በኋላም እንደገና ለመቆም ከበፊቱ ረዘም ያለ ጊዜ መውሰዱ የዕድሜ ለውጥ እንጂ በሽታ አይደለም።

በደብተሩ ላይ በየቀኑ አምስት ነገር ይጻፉ፦ ጠዋት ሲነቁ ብልትዎ ቆሞ ነበር ወይ፤ ለስንት ሰዓት ያህል ተኙ፤ ጫት፣ ሲጋራ ወይም መጠጥ ወስደው ነበር ወይ፤ ከባለቤትዎ ጋር ግንኙነት ሞክራችሁ ከሆነ እንዴት ነበር፤ በዕለቱ ያስጨነቀዎት ነገር ነበር ወይ።

የጠዋቱ ምልክት ትልቅ ትርጉም አለው። ጤናማ ወንድ በእንቅልፍ ውስጥ ሳለ ሳያውቀው ብልቱ በአንድ ሌሊት ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይቆማል፤ ጠዋት የሚታየው የመጨረሻው ነው። ጠዋት ጠንክሮ የሚቆም፣ ከባለቤትዎ ጋር ሲሆኑ ግን የሚወርድ ከሆነ የደም ሥርና ነርቩ በአመዛኙ ደህና ናቸውና ክብደቱ ወደ ጭንቀትና ወደ ግንኙነታችሁ ያጋድላል። ጠዋትም ከጠፋ፣ መጥፋቱም ቀስ በቀስ በወራት ውስጥ የመጣ ከሆነ፣ ወደ ሰውነት ሕመም ያመለክታል። በብዙ ሰው ላይ ግን ሁለቱም አብረው ይገኛሉ፤ የስኳር ሕመም የጀመረውን ችግር ፍርሃት ያባብሰዋል።

ደረጃ 2፦ ለባለቤትዎ ይንገሯት

ብዙ ወንዶች ሊዘሉት የሚፈልጉት ደረጃ ይህ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ከኪኒኑ የበለጠ ክብደት አለው። ባል ዝም ሲል ሚስት ዝምታውን በራሷ መንገድ ትተረጉመዋለች። «ሌላ ሴት ይዟል» ወይም «አርጅቻለሁ፣ አስጠላሁት» ብላ ትደመድማለች። እሱ ደግሞ እንዳይሞክርና እንዳያፍር ሲል አምሽቶ መግባት፣ ቴሌቪዥን ላይ ማፍጠጥ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ይጀምራል። ከወራት በኋላ የጠፋው ግንኙነት ብቻ አይሆንም፤ እጅ ለእጅ መያያዝና መሳሳቅም አብረው ይጠፋሉ።

ሀ) ሰዓቱን ይምረጡ። አልጋ ላይ አይሁን፣ ካልተሳካ ሙከራ በኋላ ወዲያውኑም አይሁን። ልጆች ትምህርት ቤት በሄዱበት ጠዋት፣ ወይም ጎረቤት ካልተጠራ ቡና ተጠጥቶ ረከቦቱ ሳይነሳ፣ ሁለታችሁ ብቻ የምትሆኑበት ጊዜ ጥሩ ነው።

ለ) አጭርና ግልጽ አድርገው ይጀምሩ። ለምሳሌ፦ «የሆነ ነገር ልነግርሽ ፈልጌ አፍሬ ቆየሁ። ካንቺ ጋር ስሆን ሰውነቴ እምቢ እያለኝ ነው። አንቺን ስላልወደድኩ አይደለም፣ ሌላም ሰው የለም። ልመረመር ነው፤ እንድታውቂልኝና እንድታግዢኝ እፈልጋለሁ።» ትዳራችሁ «እርስዎ» የምትባባሉበት ከሆነም ሐሳቡ ያው ነው።

ሐ) ከዚያ እሷን ይጠይቋት፣ መልሷንም ሳያቋርጡ ይስሙ። የወር አበባ ከሚያርጥበት ዕድሜ በኋላ የሴት ብልት ይደርቃል፤ ግንኙነት ያቃጥላታል ወይም ያማታል። የግርዛት ጠባሳ ወይም በወሊድ ጊዜ የደረሰ ጉዳት የሚያሳምማት ሴትም አለች፤ ለዓመታት ሳትናገረው ትቆያለች። ሚስት ሕመሙን ፈርታ ስትኮማተር ባልም ይህን ይሰማዋል፣ ብልቱም ይወርዳል። ሕመም ካላት ማለስለሻ ቅባቱ አንድ መፍትሔ ነው፤ በዚያ ካልተሻላት ግን እሷም በሐኪም መታየት አለባት፤ አለበለዚያ የእርስዎ ሕክምና ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

ለሚስት አንድ ቃል፦ «ምን ሆነህ ነው?» «ድሮ እንዲህ አልነበርክም» የሚሉ ንግግሮች በዚያች ቅጽበት ሲነገሩ ፍርሃቱን ያጸኑታል። «ምንም አይደለም፣ እቅፍ አድርገኝ» ማለት ግን ለሚቀጥለው ጊዜ በሩን ክፍት ያደርጋል።

ደረጃ 3፦ ደም ግፊትዎን፣ ስኳርዎንና ልብዎን ያስመርምሩ

ብልት የሚቆመው ደም በብዛት ገብቶ ሲሞላውና እዚያው ሲታገድ ነው። ደሙን የሚያስገቡት ቧንቧዎች ስፋት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን የልብ ቧንቧዎች ግን ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ናቸው። ስኳር፣ ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ የደም ሥርን ሲያጠቡ ቀድሞ የሚደፈነው ቀጭኑ ነው። ስለዚህ የብልት አለመቆም ከልብ ሕመም በጥቂት ዓመታት ቀድሞ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። ምርመራውን ዘልሎ ኪኒን መዋጥ ይህን ማስጠንቀቂያ ማፈን ነው።

የሚጠየቁት ምርመራዎች የሚከተሉት ናቸው።

1. የደም ግፊት፦ በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው። ከመለካትዎ በፊት ለ30 ደቂቃ ያህል ቡና አይጠጡ፣ ሲጋራ አያጭሱ፤ 5 ደቂቃም ቁጭ ብለው ይረፉ። ጫት በቃሙበት ቀን የሚወሰድ ልኬት ከፍ ብሎ ሊወጣ ስለሚችል ለሚለካዎት ባለሙያ ይንገሩ።
2. የጾም ስኳር፦ ቢያንስ ለ8 ሰዓት ምግብ ሳይበሉ ጠዋት የሚሰጥ ደም ነው። ከ100 እስከ 125 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ከሆነ ወደ ስኳር ሕመም የተጠጋ ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር ሕመም ነው።
3. ኮሌስትሮል።
4. የወገብ ዙሪያ፦ በእምብርት ከፍታ ላይ ሲለካ ከ94 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ የስኳርና የልብ ሕመም ስጋት ይጨምራል።
5. የወንድነት ሆርሞን፣ ማለትም ቴስቶስትሮን፦ በተለይ ፍላጎቱ ራሱ ከጠፋ ሐኪሙ ያዝዘዋል። ሆርሞኑ ከፍ የሚለው በጠዋት ስለሆነ ደሙ ከጠዋቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ መሰጠት አለበት። ዝቅ ብሎ ከተገኘም በሌላ ቀን ተደግሞ መረጋገጥ ይኖርበታል፤ ከሰዓት በኋላ በተሰጠ አንድ ደም ብቻ መርፌ መጀመር ስህተት ነው።

ግፊትና ስኳር በአካባቢዎ ጤና ጣቢያ ይለካሉ። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ወደ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል ወይም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል በሪፈር ይሄዳሉ። ካርድ ክፍሉ ላይ ሰው በተሰለፈበት ጉዳዩን መዘርዘር ግዴታ አይደለም፤ «የስኳርና የግፊት ምርመራ ፈልጌ ነው» ማለት በቂ ነው። ሐኪሙ ዘንድ ሲገቡ ግን «ከባለቤቴ ጋር በግንኙነት ጊዜ ብልቴ አይቆምም፤ ይህን ያህል ወር ሆኖኛል» ብለው በቀጥታ ይናገሩ፣ ደብተሩንም ያሳዩ። «ድካም ድካም ይለኛል» ብለው ከገቡ ቫይታሚን ታዝዞልዎ ሊወጡ ይችላሉ።

ደረጃ 4፦ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች አንድ በአንድ ያስፈትሹ

በፌስታል የሰበሰቡትን ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲ ባለሙያው ጠረጴዛው ላይ ይደርድሩለት። ከግፊት መድኃኒቶች መካከል ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ አቴኖሎል፣ ፕሮፕራኖሎል፣ ሜቲልዶፓና ስፓይሮኖላክቶን ብልት እንዳይቆም ወይም ፍላጎት እንዲቀንስ ሊያደርጉ ይችላሉ። ከድብርትና ከአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ደግሞ ፍሉኦክሴቲን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶን ይገኙበታል፤ ለጨጓራ የሚሰጠው ሲሜቲዲንም እንዲሁ ነው። ችግሩ የጀመረው አዲስ መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ከሆነ ቀኑን በደብተሩ ላይ ያስፍሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ በራስዎ ውሳኔ ምንም መድኃኒት አያቋርጡ። አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል በድንገት ሲቆሙ ልብን ሊያጠቁ ይችላሉ፤ ያልታከመ ግፊትም ራሱ የብልትን ደም ሥር ይጎዳል። ሐኪሙ በአምሎዲፒን፣ በኢናላፕሪል ወይም በሎሳርታን ሊቀይርልዎ ይችላል፤ እነዚህ በግንኙነት ላይ ያላቸው ጫና አነስተኛ ነው።

ደረጃ 5፦ ጫት፣ ሲጋራ፣ መጠጥና እንቅልፍ

በጅማና በአካባቢዋ ስለ ጫት ሳይነጋገሩ ስለዚህ ጉዳይ መነጋገር አይቻልም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ሰውነትን ያነቃቃል፣ የልብ ምትንና ግፊትን ይጨምራል፣ የደም ሥርን ያጠብባል። በምርቃና ሰዓት ፍላጎት የጨመረ የሚመስለው ሰው ብልቱ አልታዘዝ የሚለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ሐሳቡ ቢሮጥም ደሙ አይደርስም። ከቀትር በኋላ የተጀመረ በርጫ ሌሊቱን እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ለማምጣት ሲባልም ጨብሲ ይከተላል። መጠጡ ደግሞ ነርቭን ያደነዝዛል። ሁለቱ ሲደራረቡ የማግሥቱ ቀን ድካምና ድብርት ይሆናል።

በአንድ ጊዜ ማቆም ከከበደዎት ከባለቤትዎ ጋር ለመሆን ባሰባችሁት ዕለትና በዋዜማው ካለመቃም ይጀምሩ፤ ከዚያም ቀኖቹን ያብዙ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ድካም፣ መነጫነጭና መጥፎ ሕልም ይበዛባቸዋል፤ ይህ ያልፋል። ሲጋራን ግን «መቀነስ» ሳይሆን ማቆም ነው የሚያስፈልገው፤ የደም ሥሩን ውስጠኛ ሽፋን ራሱን የሚጎዳ ነውና።

ከዚህ ጎን ለጎን በሳምንት 4 ቀን ለ40 ደቂቃ ያህል ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ያድርጉ። ለ6 ወር ያህል በዚህ መጠን መንቀሳቀስ የብልትን መቆም እንደሚያሻሽል በጥናት ታይቷል። ወደ ጅሬን የሚወስደው ዳገት ለዚህ ይመቻል፤ ሁለት ሆናችሁ ብትሄዱ ደግሞ የመነጋገሪያ ጊዜም ይሆንላችኋል። ሁለት ፎቅ ደረጃ በፈጣን እርምጃ ወጥቶ ደረቱን ያላመመው፣ ትንፋሹም ያልተቆረጠ ሰው ልቡ በአብዛኛው ለግንኙነት ይበቃል፤ ይህን ማድረግ ካልቻሉ ወደ ደረጃ 7 ሳያልፉ ልብዎን ያስመርምሩ።

ደረጃ 6፦ የዳሌ ወለል ጡንቻን ያጠንክሩ

ይህ ጡንቻ ብልት ውስጥ የገባው ደም ተመልሶ እንዳይወጣ ይጨምቃል። ለማግኘት ፈስ እንዳያመልጥዎ እንደሚይዙ አድርገው ፊንጢጣዎን ወደ ውስጥ ይሳቡ፤ ቆመው በመስታወት ቢያዩ ብልትዎ ትንሽ ወደ ውስጥ ሲሰበሰብ ፍሬዎ ከፍ ሲል ይታያል። 5 ሰከንድ ይያዙ፣ 5 ሰከንድ ይልቀቁ፤ 10 ጊዜ ይደጋግሙ። ይህን በቀን 3 ጊዜ ያድርጉ፤ ሳምንታት ሲያልፉ መያዣውን ወደ 10 ሰከንድ ያሳድጉ። ውጤቱን ለማየት 3 ወር ያህል ይፈልጋል።

በተለምዶ የሚሠሩ ስህተቶች ትንፋሽን አፍኖ መያዝ፣ መቀመጫንና ጭንን መጨበጥ፣ እንዲሁም በየጊዜው ሽንት እየሸኑ መሃል ላይ ማቋረጥ ናቸው። የመጨረሻው ጡንቻውን ለማወቅ አንድ ጊዜ ቢሞከር እንጂ ልማድ ሊሆን አይገባም፤ ሽንት ከፊኛ ሙሉ በሙሉ እንዳይወጣ ያደርጋል።

ደረጃ 7፦ የ6 ሳምንት የቤት ውስጥ ልምምድ ከባለቤትዎ ጋር

የዚህ ደረጃ ምክንያት እንዲህ ነው። ሰው ሲፈራ ሰውነቱ አድሬናሊን ይለቃል፤ አድሬናሊን ደግሞ የብልትን ደም ሥሮች ይዘጋል። አንድ ጊዜ ያልተሳካለት ባል በሚቀጥለው ጊዜ ባለቤቱን ማየት ትቶ ራሱን መከታተል ይጀምራል፦ «ይቆም ይሆን? አሁን ወረደ?» ይህ ክትትል ራሱ ፍርሃቱን ይመልሰዋል። ልምምዱ የሚሠራው የሚፈራውን ነገር፣ ማለትም ግንኙነቱን፣ ለተወሰነ ጊዜ በስምምነት ከመሃል በማውጣት ነው።

በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜም ከ30 እስከ 40 ደቂቃ መድቡ። በጾም ወራት ከግንኙነት የምትታቀቡ ከሆነ ልምምዱን ከጾሙ በኋላ ጀምሩት፤ መሃል ላይ ሲቋረጥ ወደ መጀመሪያው መመለስ ይጠይቃል። በረመዳን ደግሞ ከኢፍጣር በኋላ ሆድ ረገብ ሲል ይመቻል። ገላን መታጠብ፣ ስልክን ከክፍል ውጭ መተው፣ መብራቱን ሁለታችሁም በማታፍሩበት መጠን ማድረግ ቀላል ነገሮች ቢሆኑም ልዩነት ያመጣሉ።

ሳምንት 1 እና 2፦ ግንኙነት የለም፤ ብልትና ጡት አይነኩም። ለ15 ደቂቃ ያህል አንዱ ሌላውን ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጣት በዝግታ ይዳስሳል፤ ከዚያ ተራ ይቀያየራል። የሚዳሰሰው ሰው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ የሚሰማውን ማስተዋልና የሚያስደስተውን ወይም የማይመቸውን መናገር። «ጀርባዬ ላይ እንዲሁ ቀጥል»፣ «እዚያ ጋ ቀስ በል» ማለት ይበቃል። ብልት ቢቆምም ወደ ግንኙነት አትሂዱ። ይህን ክልከላ ብዙዎች በሁለተኛው ሳምንት «ቆሟልና እንጠቀምበት» ብለው ያፈርሱታል፤ ያን ጊዜ አእምሮ እንደገና ፈተና ውስጥ ይገባል፣ ሥራውም ከዜሮ ይጀምራል።

ሳምንት 3 እና 4፦ ጡትና ብልት ይጨመራሉ፤ ግንኙነት አሁንም የለም። ብልት ሲቆም እጅ ይነሳና ሆን ተብሎ እንዲወርድ ይተዋል፤ ከዚያ እንደገና ይዳሰሳል። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደገም ባልም ሚስትም የወረደ ነገር ተመልሶ እንደሚነሳ በዓይናቸው ያያሉ። መውረድን እንደ መጨረሻ ከማየት የሚያላቅቀው ይህ ነው።

ሳምንት 5 እና 6፦ ማለስለሻ ቅባት ተቀብቶ፣ ሚስት ከላይ ሆና ብልቱን ራሷ ታስገባለች፤ ሁለታችሁም ሳትንቀሳቀሱ ትንሽ ትቆያላችሁ። ከዚያ በዝግታ መንቀሳቀስ ይጀመራል። ቢወርድ ወደ መዳሰሱ ተመለሱ፤ ያን ዕለት እዚያው ማቆምም ይቻላል። እሷ እንድትረካ ግን ብልት መቆሙን መጠበቅ አያስፈልግም፤ በእጅ መንካትም የግንኙነት ክፍል ነው።

ችግሩ ቶሎ መርጨት ከሆነ በሳምንት 3 እና 4 ላይ ተመሳሳይ ልምምድ ለዚያ ይውላል፦ ፈሳሹ ሊመጣ ሲል «አቁሚ» ይበሉ፣ ስሜቱ እስኪበርድ ወደ 30 ሰከንድ ጠብቁና እንደገና ጀምሩ፤ ሦስት ጊዜ አቁማችሁ በአራተኛው ልቀቁት። ለዚህ ብሎ ትራማዶል መዋጥ አደገኛ ነው። ሱስ ያስይዛል፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያስከትላል፣ በብዛት ከተወሰደም ትንፋሽን ያቆማል።

ደረጃ 8፦ ኪኒኑ

ሐኪሙ መርምሮ ካዘዘው ሲልዴናፊል ወይም ታዳላፊል ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። የሚሠሩት ደም ሥሩ ሲከፈት ክፍት ሆኖ እንዲቆይ በማድረግ ነው፤ ፍላጎትን አይፈጥሩም፣ ያለ መዳሰስም ብልትን አያቆሙም። «ዋጥኩት፣ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ፣ ምንም የለም» የሚለው ቅሬታ የሚመጣው ይህ ሳይነገር በመቅረቱ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ለደረት ሕመም ናይትሮግሊሰሪን ወይም አይሶሶርባይድ የሚወስድ ሰው እነዚህን ኪኒኖች ፈጽሞ መውሰድ የለበትም፤ ግፊቱ በድንገት ወርዶ ሊሞት ይችላል። ኪኒኑን ወስደው ደረትዎን ካመመዎት ለሐኪሙ መውሰድዎን ሳያፍሩ ይናገሩ፤ ከሲልዴናፊል በኋላ 24 ሰዓት፣ ከታዳላፊል በኋላ 48 ሰዓት ሳያልፍ ናይትሮግሊሰሪን እንዳይሰጥዎ ነው። ለፕሮስቴት ታምሱሎሲን ወይም ዶክሳዞሲን የሚወስዱ፣ በኤች አይ ቪ ሕክምናቸው ውስጥ ሪቶናቪር ያለበት፣ ኬቶኮናዞል ወይም ክላሪትሮማይሲን የጀመሩ ሰዎችም አስቀድመው መናገር አለባቸው፤ መጠኑ መቀነስ ወይም መድኃኒቱ መቅረት ሊኖርበት ይችላል።

አወሳሰዱ፦ ሲልዴናፊል ከግንኙነት 1 ሰዓት ቀደም ብሎ ይወሰዳል፤ ኃይሉ 4 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ አይወሰድም። የተለመደው መነሻ 50 ሚሊ ግራም ሲሆን ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑና የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመም ላለባቸው 25 ሚሊ ግራም ነው። ክትፎ፣ ቅቤ የበዛበት ወጥ ወይም ጥብስ ከበሉ በኋላ ከተወሰደ ሥራው ይዘገያል፣ ይዳከማልም፤ ስለዚህ ቀለል ያለ ራት ይብሉ። ታዳላፊል ምግብ አይከለክለውም፤ እስከ 36 ሰዓትም ይቆያል፣ ሰዓት መቁጠር ለሚያስጨንቃቸው ይመቻል። ራስ ምታት፣ የፊት መሞቅ፣ የአፍንጫ መታፈን የተለመዱ ናቸው። ማየት ወይም መስማት በድንገት ካቃተዎት ግን ኪኒኑን ትተው ወደ ሐኪም ይሂዱ። በአንድ ሙከራ ተስፋ አይቁረጡ፤ በትክክለኛው አወሳሰድ ከ6 እስከ 8 ጊዜ ሳይሞከር «አልሠራልኝም» ማለት አይቻልም።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

• የጓደኛን ኪኒን ተካፍሎ መዋጥ። ለእሱ የተስማማው መጠን ግፊት ላለበት ሰው ላይስማማ ይችላል።
• «ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ በትንንሽ ከረጢት የሚሸጥ የወንዶች ማር መግዛት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2022 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ በርካታ ምርቶችን መርምሮ በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ሲልዴናፊልና ታዳላፊል እንዳለባቸው አስታውቋል። የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ማር በላሁ ብሎ ኪኒኑን ዋጠ ማለት ነው። የጅማ ማር ለቁርስ የታወቀ ነው፤ በሰዓት ውስጥ ብልት የሚያቆም ማር ግን ማር ብቻ አይደለም።
• አንድ ኪኒን አልሠራ ሲል ሁለት መድገም፣ ወይም ከመጠጥ ጋር መውሰድ።
• ከሚስት ተደብቆ መዋጥ። ብልት ቶሎ መቆሙን ስታይ ምክንያቱን ስለማታውቅ ጥርጣሬዋ ይጨምራል፤ ኪስ ውስጥ ማሸጊያውን ያገኘች ቀን ደግሞ ለማስረዳት ይከብዳል።
• ስኳሩ ሳይስተካከል ኪኒን መለዋወጥ። ስኳር ነርቩንም ደም ሥሩንም ስለሚጎዳ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው የስኳር ቁጥጥር ነው።
• ድብርትን ችላ ማለት። ከግንኙነት በላይ ምግብ፣ ሥራና ሰው ማየት ያስጠላው ሰው፣ ሞትንም የሚያስብ ከሆነ፣ ቅድሚያ ለዚህ ሕክምና ያግኝ፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ።

በ3 ወር ውስጥ ለውጥ ካልታየ

ወደ ሐኪሙ ሲመለሱ የምርመራ ውጤቶችዎን፣ ኪኒኑን የወሰዱባቸውን ቀናትና ሰዓታት፣ የበሉትን ምግብና ውጤቱን የጻፉበትን ደብተር ይያዙ፤ ባለቤትዎም አብራዎት ብትገባ ሐኪሙ ከሁለታችሁ በኩል ይሰማል። ቀጣዮቹ አማራጮች ደምን ወደ ብልት የሚስብ የቫኪዩም መሣሪያ፣ በብልት ጎን የሚወጋ መድኃኒት፣ በመጨረሻም በቀዶ ጥገና የሚገባ ድጋፍ ናቸው። መርፌው መጠኑ ለእያንዳንዱ ሰው ስለሚለያይ የመጀመሪያው የሚሰጠው በሐኪም ፊት ነው፤ ሁሉም አማራጮች በየሆስፒታሉ ስለማይገኙ የሽንት ቧንቧና የወንዶች ጤና ስፔሻሊስት ወዳለበት ሪፈር እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ።